ታክሲዎቹ የቆሙበት ሰኞ

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በዚያ ጠዋት ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ትንንሽ ፊያት ታክሲዎች ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ጠፉ። ከመርካቶ ወደ አራት ኪሎ፣ ከጉለሌ ወደ ለገሀር ለሥራ የወጣ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመጣ የለም፤ መጨረሻ ላይ በእግሩ ተያያዘው። ትምህርት ቤት የደረሱ ልጆችም አስተማሪ አላገኙም፤ መምህራኑ በዚያው ቀን ሥራ አቁመዋል። አስተማሪ ያጣ ተማሪ፣ ታክሲ ያጣ መንገደኛና ድሮም ሥራ የሌለው ጎረምሳ አንድ ጎዳና ላይ ተገናኙ። በተከታዮቹ ቀናት በአንበሳ አውቶቡሶችና በባለጸጎች መኪና ላይ ድንጋይ ይዘንብ ጀመር፤ ፖሊስም ተኮሰ። የሞተም የታሰረም ነበረ።

ከዚያ ሰኞ እስከ መስከረም 2 ቀን 1967 ሰባት ወር አይሞላም። በዚህች ጊዜ ውስጥ፣ አልጋ ወራሽ ከሆኑበት ከ1909 ጀምሮ ቢቆጠር 58 ዓመት ሥልጣን ላይ የቆዩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ይህን ያደረገ ፓርቲ አልነበረም፤ በአገሩ ሕግ ፓርቲ የሚባል ነገርም አልነበረም። የጠራው መሪ የለም፤ ቀን ቆርጦ የተነሣም የለም።

ስለ የካቲት 66 የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ርዕዮተ ዓለሙ ነው፤ ማን ማርክሲስት እንደነበረ፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ የትኛው ድርጅት ቀድሞ እንደነቃ። ያ ክርክር የራሱ ባለቤቶች አሉትና ለእነሱ ልተወው። እኔን የሚስበኝ ወረድ ያለ ጥያቄ ነው፤ እምቢታው ከጦር ሰፈር ወደ ታክሲ ተራ፣ ከታክሲ ተራ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ መስጊድ ደጃፍ እንዴት ተሻገረ? ወታደርና አስተማሪ የሚበሉበት ገበታ የተለያየ ነው። የሚያገናኛቸው ስብሰባም አልነበራቸውም።

ውኃ፣ ወረቀትና ነዳጅ

ነገሩ የተጀመረው ከአዲስ አበባ ርቆ፣ በውኃ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና የሰፈረው የአራተኛ ክፍለ ጦር አራተኛ ብርጌድ ወታደሮች አለቆቻቸውን አሰሩ። የወታደሩ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቷል። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ደህና ነው፤ ወታደር ከዚያ እንዳይቀዳ ግን ተከልክሏል። ምግቡም የሚቀመስ አልነበረም። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ያዟቸው፤ የራሳቸውን ምግብ አቀረቡላቸው፣ የራሳቸውንም ውኃ አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

በየትኛውም ጦር ውስጥ ይህ ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ጥፋት ነው። ማንም ግን አልተቀጣም። ቤተ መንግሥቱ አቤቱታውን እንደሚመለከት ቃል ገብቶ ማለፍን መረጠ። ለጊዜው ብልኅነት ሳይመስል አይቀርም፤ ጥያቄው የውኃ ነው፣ ቦታው ሩቅ ነው፣ ቁጡን ወታደር አባብሎ ወደ ሰፈሩ መመለስ ይሻላል። ነገር ግን ወሬው ነገሌ አልቀረም። የጦሩ የሬዲዮ ኦፕሬተሮች ከሰፈር ወደ ሰፈር አቀባበሉት። የካቲት ሲገባ ደብረ ዘይት ያሉ የአየር ኃይል ባልደረቦች አለቆቻቸውን ያዙ። የካቲት 18 ደግሞ አስመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተነሣ፤ እነዚህኞቹ ሬዲዮ ጣቢያውን ጭምር ይዘው ጥያቄያቸውን ለአገር አሰሙ። ከውኃ ተነሥቶ ደመወዝ ደርሷል፤ ከደመወዝም ወደ ሚኒስትሮቹ ማንነት ሊሻገር ብዙ አልቀረውም።

የመምህራኑ ጉዳይ ሌላ ነው። ከዓለም ባንክና ከሌሎች ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በመጡ ባለሙያዎች እርዳታ የተዘጋጀና «ሴክተር ሪቪው» የሚባል የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ነበረ። ጥናቱ ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስን ያስቀድማል፤ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲው በር በዚያው መጠን ይጠባል። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያስኬድ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ቁጥር እጅግ ብዙ በሆነበት አገር መሠረታዊ ትምህርትን ማስፋት ምን ክፋት አለው? ወላጁ ግን ሌላ ነገር አነበበበት። የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የጌታ ልጅ ይቀጥል ማለት ነው አለ። ትምህርት ለድኻው ከጭቃ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚወጣበት ብቸኛ መሰላል ነበርና መሰላሉ ሊነሣ ነው የሚለው ወሬ ከደመወዝ ጥያቄ የበለጠ አስቆጣ። የመምህራን ማኅበር ላይ ደግሞ የራሱ የደመወዝ ቅሬታ ለዓመታት ተከማችቶ ነበር። ሁለቱ ሲገጥሙ መምህሩ አድማ መታ፤ ወላጁም ከመምህሩ ጎን ቆመ።

ታክሲ ነጂውን ያስነሣው ደግሞ የሩቅ ጦርነት ነው። በጥቅምት 1966 ግብፅና ሶርያ ከእስራኤል ጋር ሲዋጉ የአረብ አገሮች ነዳጅን መሣሪያ አደረጉት። እስከዚያ ድረስ ሦስት ዶላር አካባቢ የነበረው የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥር ወር 12 ዶላር አካባቢ ደረሰ። አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር የታክሲ ታሪፉ ግን ባለበት ቆመ፤ ታሪፍ የሚወስነው መንግሥት ነው። ነጂው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ ለባለ ታክሲው ሒሳብ ሲያስገባ እጁ ላይ የሚቀረው ነገር አልነበረም። ታሪፍ ይጨመርልን አሉ። ዝም ሲባሉ መኪናውን አቆሙ።

እንግዲህ ሦስት የማይገናኙ ብሶቶች ናቸው። አንዱ የውኃ ጉድጓድ፣ አንዱ የጥናት ወረቀት፣ አንዱ የነዳጅ ማደያ። ሦስቱ ተደምረው አብዮት የሚባለውን ነገር ይወልዳሉ ብሎ ጥር ላይ የተነበየ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

መንግሥት ሲሰጥ

የካቲት 16 ቀን ጃንሆይ የነዳጅ ዋጋ እንደሚቀንስ፣ በሸቀጦች ዋጋ ላይ ቁጥጥር እንደሚደረግ፣ ሴክተር ሪቪውም ለጊዜው እንደሚቆይ አስታወቁ። ወዲያው የወታደሩ ደመወዝ ተጨመረ። የካቲት 20 ከ1950ዎቹ መግቢያ ጀምሮ መንግሥቱን የመሩት የጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ በምትካቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ። የካቲት 26 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማው ተጠሪ እንዲሆን ንጉሠ ነገሥቱ ቃል ገቡ። ለዘመናት የተዘጋ በር በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከፈተ ማለት ነው።

ሰው ግን ወደ ቤቱ አልገባም። እንዲያውም ገና ያልጠየቀው ሁሉ ተራው የእሱ እንደሆነ ገባው።

ፈረንሳዊው አሌክሲስ ደ ቶክቪል ስለ አገሩ አብዮት እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለመጥፎ መንግሥት ከሁሉ የከፋው ሰዓት ራሱን ማረም የጀመረበት ሰዓት ነው የሚል ሐሳብ አለው። የካቲትን ለማስረዳት ብዙዎች ይህን ይጠቅሳሉ፤ የሚያስኬድም ይመስላል። እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው እላለሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሰጠው ለሁሉ እኩል አልነበረም። በቅድሚያና በፍጥነት የሰጠው ለባለ ጠመንጃው ነው። ለታክሲ ነጂው የሰጠው ከተማዋ ስለቆመች ነው። ለመምህሩ ያደረገው ማዘግየት ነው። ለተራበው የወሎ ገበሬ ያደረገው ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን ቅደም ተከተል ሕዝቡ አየ፤ ወታደሩም አየ። ሁለቱ ከዚያ የተማሩት ትምህርት ግን የተለያየ ነው። ሕዝቡ «ከጮኽን ይሰጡናል» አለ። ወታደሩ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ገባው።

አዲስ ትምህርት አልነበረም። በ1953 የመንግሥቱና የግርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ወራት ሳይቆዩ ወታደሮች ሰልፍ ወጥተው ደመወዝ ጠይቀው አግኝተዋል። በ1960 የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲያምፅ ጦር ተላከበት፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለበት፤ በመጨረሻ ግን ግብሩ ቀረለት፣ አገረ ገዢውም ተነሡለት። እኚያ አገረ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ከጎጃም ሲነሡ ወደ ጡረታ አልሄዱም፤ ወደ ከፋ ተዛወሩ። በ1966 የከፋ ዋና ከተማ የነበረችው የጅማ ሕዝብ በተራው እኚሁኑ ሰው ይነሡልን ብሎ ከተማዋን አናወጠ። አንድ ክፍለ ሀገር ያባረረውን ሹም ለሌላው የሚልክ መንግሥት ብሶትን ከቦታ ቦታ ያዛውራል እንጂ አያጠፋም፤ በዚያ ላይ ጎጃም ምን እንዳደረገ ጅማ ሰምቷል።

ከዚህ ሥርዓት ውጪ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። እነሱ ከአሥር ዓመት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ደጋግመው ወጥተዋል፤ ከመንግሥት ያገኙት ግን ዱላ፣ እስራትና ጥይት ብቻ ነበር። በየካቲት 1957 ፓርላማው ፊት ቆመው መሬት ለአራሹ ብለው ጮኹ፤ ፓርላማው ውስጥ የተቀመጠው አብዛኛው ሰው ባለ መሬት ነበር። በ1958 ሾላ በሚባለው ሰፈር ታጉረው ለነበሩ ለማኞችና ድኾች ተሰለፉ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ክብር ዘበኛ ተኩስ ከፈተ። ለዚህ ሁሉ የተሰጠ የደመወዝ ጭማሪ የለም፤ የተነሣ ሹምም የለም። ተማሪው ያገኘው ነገር ቢኖር ቃላት ነው፤ በየካቲት ታክሲ ነጂውም መምህሩም ስለ ዋጋና ስለ ወርኃዊ ደመወዝ ሲያወራ፣ ስለ መሬትና ስለ መንግሥት የሚያወራበት መፈክር ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። አደባባዩ የተማሪውን መፈክር አነሣ። ተማሪው ያልቆጠረበት ሰውም በኋላ አነሣው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ሁሉም በየተራው

የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) በ1955 የተቋቋመ፣ ለአሥር ዓመት ያህል በጥንቃቄ የኖረ ድርጅት ነው። የካቲት 28 ቀን 1966 ግን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሠራተኛ ለአራት ቀን ያህል ሥራ አቆመ። ከጥያቄዎቹ መካከል ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን፣ የመንግሥት ሠራተኛም እንዲደራጅ የሚሉ ነበሩ። መንግሥት ተደራደረ፤ ብዙ ነገርም በቃል ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጋቢትና ሚያዝያ ለታሪክ ጸሐፊ ራስ ምታት ነው። ባቡር፣ ቴሌኮሙኒኬሽን፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሲቪል አቪዬሽን፤ አድማ ያልመታ መሥሪያ ቤት መፈለግ ይቀላል። ቀሳውስት ሳይቀሩ ደመወዝ ጠየቁ። ብዙው ጥያቄ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር አይዘልም፤ ሥራ አስኪያጃችን ይነሣ፣ የሒሳብ ሹሙ ይመርመር፣ የተባረረው ጓደኛችን ይመለስ። ይህን በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ንቃተ ኅሊና ያልደረሰበት ብለው ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። ሰው ዕድሜ ልኩን የፈራውን አለቃ ስሙን ጠርቶ ይውረድ ማለት በዚያ አገር ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስለ ኢምፔሪያሊዝም መፈክር ማንሣት ከዚያ ይልቅ ይቀላል። ኢምፔሪያሊዝም ነገ ጠዋት ቢሮ ጠርቶ አያነጋግርህም።

ከሁሉ የተለየው ሰልፍ ሚያዝያ 12 ቀን የወጣው ነው። ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሙስሊም፣ ከጎናቸውም የቆሙ ክርስቲያኖች፣ በአዲስ አበባ አደባባዮች ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ጠየቁ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ያንኑ እምነት መከተል ነበረባቸው። ሙስሊሙ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ ሹመት ላይ፣ መሬት ላይ፣ በጦሩ ከፍተኛ ማዕረግ ላይ ግን በሩ ጠባብ ነው። በዓሉ በመንግሥት አይታወቅም። በይፋ ሲጠራም የአገሩ ተወላጅ ሳይሆን በአገሩ የሚኖር ተደርጎ ነበር፤ ሰልፈኞቹ ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች ነን ያሉት ለዚህ ነው። ይህ ሰልፍ ዋጋ ይቀነስ፣ ደመወዝ ይጨመር የሚል አልነበረም። አገሩ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ያነሣ ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል አንዳንዶችን ከታክሲው አድማ ይልቅ ያስደነገጠው።

ከአገሬው አሥር እጅ ዘጠኙ የሚጠጋው ገበሬ ግን በዚህ ሁሉ መሐል በአደባባዩ ላይ አልታየም። በወሎና በትግራይ በ1964 እና በ1965 ዝናብ ጠፍቶ፣ ባለ መሬቱ ግን እርቦውን ወይም ሲሶውን መጠየቁን አልተወም፤ ሰዉ ከብቱን ሸጦ፣ ቀጥሎ ቤቱን ጥሎ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጎዳና ዳር ቆሞ መኪና ይለምን ነበር። ስንት ሰው እንደሞተ ግምቶቹ ይራራቃሉ፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በ1965 ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው መጡ፣ ግቢያቸው ውስጥም አሳዩ። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የራበው ሰው ራሱ ግን አልተሰለፈም። ረሃብ ከበረታ ጉልበትን፣ ጎረቤትንና ተስፋን አብሮ ይወስዳል፤ ለአድማ ቢያንስ የሳምንት ስንቅ ያስፈልጋል። አደባባይ የወጡት ከሞላ ጎደል ደመወዝ ያላቸው ነበሩ። የወሎን ሞት ወደ አዲስ አበባ ያመጣው ካሜራ ነው።

አንድ ጠረጴዛ

ሰኔ 21 ቀን 1966 አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ከ100 በላይ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ፣ ከዚያ በላይ ማዕረግ ያለው የለበትም። ጥር ላይ በየሰፈሩ ተበትኖ የነበረው ብሶት አሁን በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ደርግ የተባለው ይህ ስብስብ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ነው። መምህሩ ማኅበር ነበረው፤ ሠራተኛው ማኅበር ነበረው፤ ተማሪው ከሁሉ የሚበልጥ አንደበት ነበረው። ግን መምህሩ፣ ሠራተኛው፣ ታክሲ ነጂውና ሙስሊሙ ተወካይ ልከው አንድ ላይ የተቀመጡበት ጊዜ የለም። እያንዳንዱ በየተራው ወጣ፣ በየተራው የተሰጠውን ተቀበለ ወይም ተቀብሎ አኮረፈ። በሐምሌ «ዴሞክራሲያ»፣ በነሐሴ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉት ኅቡዕ ጋዜጦች በማባዣ እየታተሙ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ማለት ሲጀምሩ ደርጉ ሬዲዮ ጣቢያውን ይዞ የሚታሰሩ ባለሥልጣናትን ስም ያስነብብ ነበር። ሕዝቡም ማታ ማታ ሬዲዮ ከቦ ዛሬ ማን ተጠራ ይላል። ልጅ እንዳልካቸው በሐምሌ ወርደው ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ፤ አዳዲሶቹ ሚኒስትሮች ግን ሥልጣኑ የት እንዳለ ያውቁ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 1967፣ የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ጠዋት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ለንጉሠ ነገሥቱ የመውረጃቸውን ቃል አነበቡላቸው፤ በቮልስዋገን መኪና ከኋላ አስቀምጠውም ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። መንገድ ዳር የነበረው ሕዝብ ሌባ፣ ሌባ እያለ ጮኸ።

በዚያው ቀን የወጣው የደርጉ አዋጅ ቁጥር 1 ሲነበብ አብዛኛው ሰው ያስተዋለው የንጉሡን መውረድ ነው። አዋጁ ግን ሌላም ነገር ይዞ ነበር። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን ዓላማ መቃወም፣ አድማ መምታት፣ ያለ ፈቃድ ሰልፍ መውጣትና መሰብሰብ ተከለከለ። ሰባት ወር ያህል በአድማና በሰልፍ የተገዘገዘ ዙፋን ወድቆ፣ የወደቀበት ቀን ሳይመሽ አድማና ሰልፍ ወንጀል ሆኑ።

ኢሠአማ በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለሕዝብ ይሰጥ ብሎ ተቃወመ፤ መሪዎቹ ታሰሩ። ራሱ ጦሩ ውስጥ እንኳ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያነሡ በመስከረም መጨረሻ በጥይት ተመለሱ። ኅዳር 14 ሌሊት 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ነበሩበት፤ ልጅ እንዳልካቸውም ነበሩበት። ነገሌ ላይ የወታደሩን ውኃ የጠጡት ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ነበሩበት። ተማሪዎቹና መምህራኑ ደግሞ በታኅሣሥ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ፤ ወደ 60 ሺህ ይጠጋሉ። ዘመቻው ማስተማር፣ ጉድጓድ መቆፈርና ገበሬውን ማደራጀት ነበረው፤ በዚያው መጠን ግን ስድስት ኪሎን ጸጥ አሰኘ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መጣ። ደርጉ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነት ቀረ። አሥር ዓመት ተማሪ የተደበደበበት መፈክር በወታደሮች ብዕር ሕግ ሆነ። አዲስ አበባ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ሰልፍ የተከለከለ መሆኑን ያስታወሰ የለም፤ ደርጉም አላስታወሰም። የድጋፍ ሰልፍ ፈቃድ አያሻውም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ሌሊት፣ ለሜይ ዴይ የተቃውሞ ሰልፍ ሲዘጋጁ የነበሩ ወጣቶች በአዲስ አበባ በመቶዎች ተገደሉ። ብዙዎቹ የመሬት አዋጁ ቀን ገና ተማሪ ቤት የነበሩ ልጆች ናቸው።

የተሰረቀ?

አብዮቱ ተሰረቀ የሚለው አባባል በዚያ ትውልድ አፍ ላይ የተለመደ ነው። ቁጭቱ ይገባኛል። ግን ለመሰረቅ ባለቤት ያስፈልጋል። የካቲት 66 ባለቤት አልነበረውም፤ ጉልበቱም ያው ነበር። መሪ ስላልነበረው መሪውን አስሮ ማስቆም አልተቻለም፤ አንዱን ጥያቄ መልሶ ሌላውን ማፈን አልተቻለም። መንግሥቱ ሰባት ወር ያህል ከማን ጋር እንደሚነጋገር ሳያውቅ ወደቀ። ያው ነገር ነው በመስከረም፣ ሥልጣኑን ማን ይረከብ ሲባል፣ ከጦሩ በቀር እጁን የሚያወጣ ያሳጣው። ተማሪዎቹ ቀደም ብለው ቢደራጁ ኖሮ የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ግን በኋላ የተደራጁት እርስ በርሳቸው መገዳደላቸውን ስናስታውስ እርግጠኛ መሆን ይከብዳል።

ከሰባቱ ወር የትኛው ጥያቄ ዘለቀ ብሎ መቁጠር ደግሞ ሌላ ሥዕል ይሰጣል። ሴክተር ሪቪው ተቀበረ፤ በዚያ ስም ተመልሶ አልመጣም። መሬት ከባለ መሬቱ ወጥቶ ወደ መንግሥት ገባ፤ ደርጉን የጣሉት ኃይሎች በ1987 ባጸደቁት ሕገ መንግሥት ውስጥም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀረ፤ አራሹ የሚጠቀምበት እንጂ የሚሸጠው አይደለም። ነጻው የሠራተኞች ማኅበር ፈርሶ በ1969 ደርጉ በሚቆጣጠረው ተተካ። የሕገ መንግሥት ማሻሻያው ረቂቅ ከነአርቃቂዎቹ ተረሳ። የሚያዝያ 12ቱ ሰልፈኞች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ግን ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ፤ ዒድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፣ ሕገ መንግሥት ተጽፎ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል፣ ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ምልክት ተቀያይሯል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ግን መሥሪያ ቤቶች ዛሬም ዝግ ናቸው።